ስድስት ሰዎች፣ ሰባት ድርሻ

በዚህ ሳምንት መልስ የምሰጥበት ደብዳቤ የደረሰኝ ራሱን «ቤዝ ተጫዋቹ፣ ከገርጂ» ብሎ ከሰየመ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ደብዳቤው ረዘም ያለ በመሆኑ ዋና ዋናውን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ስድስት ሆነን የመሠረትነው ባንድ አለን። አራታችን የተዋወቅነው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ ድራመራችንና ጊታሪስታችን በኋላ የተቀላቀሉን ናቸው። ፈንክና ጃዝን ከአገራችን ቅኝቶች ጋር እያዋሐድን መጫወት ከጀመርን 3 ዓመት ሆኖናል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ምግብ ቤት እንሠራለን፤ ለአንድ ምሽት 21,000 ብር ይከፈለናል፣ እዚያው ለስድስት እንካፈለዋለን። አምፕሊፋየሮቹና ድራሙ የቤቱ ናቸው። የራሳችን የሆኑ 9 ሥራዎች አሉን፤ አብዛኞቹን የጀመራቸው ኪቦርዲስታችን ቢሆንም በልምምድ ላይ ሁላችንም የጨመርንባቸው ነገር አለ። አሁን ሁለት ጉዳይ በአንድ ጊዜ መጣብን። አንድ ፕሮሞተር የስቱዲዮውን ወጪ እችላለሁ፣ መሣሪያም እገዛላችኋለሁ፣ በምትኩ አልበሙም የባንዱ ስምም የእኔ ይሁን የሚል ውል ይዞ መጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጡኝ ብሎናል። ሳክስፎኒስታችን ደግሞ ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የ3 ወር የአጃቢነት ሥራ አግኝቷል። ከሄደ አይመለስም ያሉት ጓደኞቻችን ተቆጥተው ‹ወይ ባንዱን ወይ ዱባይን ምረጥ› ሊሉት ነው። እኔ ባንዱ እንዲፈርስ አልፈልግም። ውሉን እንፈርም ወይ? ሳክስፎኒስቱንስ እንከልክለው?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ውሉም ሆነ የዱባዩ ነገር የሚያሳስቡ ጉዳዮች ናቸው፤ ነገር ግን ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ እየተመላለሰ ያረፈው በመሐል ጣል ባደረግኻት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ አምፕሊፋየሮቹና ድራሙ የቤቱ ናቸው ብለሃል። ለሁለቱም ጥያቄዎችህ የምሰጠው መልስ ከእሷ ስለሚነሣ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከእሷ ልጀምር።

በአንተ ዕድሜ ሳለሁ በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። ኦርጋኑ፣ ድራሙ፣ ጊታሩ፣ ማይክሮፎኑ፣ ሌላው ቀርቶ ሁላችንም የምንለብሰው ተመሳሳይ ኮት የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ሁለት ዓመት ከሠራን በኋላ አምስታችን ተመካክረን ደመወዝ እንዲጨመርልን ጠየቅን፤ ሰውየው በትሕትና አዳምጦን «ነገ እንነጋገራለን» ብሎ ሸኘን። በማግሥቱ ማታ ስንመጣ ሙዚቃው ከውጭ ይሰማል። ገባ ብዬ ሳይ ድራሙ ላይ የማላውቀው ልጅ ተቀምጧል፤ ጊታሪስቱ የእኔን ኮት ለብሶ እጅጌው አጥሮበት የእጁ አንጓ ይታያል። ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ኪሴ ውስጥ የቀረችውን የጊታር መምቻ ብቻ ነው። እስከዚያች ማታ ድረስ ራሳችንን ባንድ አድርገን እንቆጥር ነበር፤ ለካ የክበቡ ባለቤት የቀጠረን አምስት ሰዎች ኖረናል።

በዚያ ዘመን ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። የአዲስ አበባ ክበቦችና ሆቴሎች መሣሪያውን ራሳቸው ገዝተው ሙዚቀኛ መቅጠራቸው የተለመደ አሠራር ነበር። ዋልያስ ባንድን ልዩ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የራሳቸው መሣሪያ ካላቸው ጥቂት ባንዶች መካከል መሆናቸው ነው። አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የሠሩት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን ዕቃውን ይዞ እንደሚመጣ ተዋዋይ ወገን ነበር ማለት ይቻላል። ዘፋኞችን ያጅቡ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሆነው ድምፃዊ የማይመራውን «ቸ በለው» የተባለ አልበም ለመቅረጽ የበቁት፣ በእኔ ግምት፣ ማን ምን ይጫወት የሚለውን የሚወስንላቸው ባለቤት ከበላያቸው ስላልነበረ ነው። በዚያ አልበም ውስጥ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» እናንተም ሐሙስ ማታ ሳትጫወቱት የምትቀሩ አይመስለኝም።

ችሎታችን ስለሚታወቅ ያለ እኛ አይሆንላቸውም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካዊው የፈንክ ዘፋኝ የጄምስ ብራውን ሙዚቀኞችም እንዲሁ አስበው ነበር። በዓለም ላይ ከእነሱ የተሻለ የፈንክ ባንድ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በክፍያ ጉዳይ አንሠራም ባሉ ጊዜ ግን አለቃቸው ከሲንሲናቲ ከተማ ቡትሲ ኮሊንስ የተባለ የ18 ዓመት ቤዝ ተጫዋችና ጓደኞቹን በአውሮፕላን አስመጥቶ ሥራውን ቀጠለ። አንተ ቤዝ ተጫዋች ስለሆንክ ያ ልጅ በዚያች ዓመት ምን እንደሠራ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እሱም ቢሆን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ለቆ ወጣ። ስሙ የአንድ ሰው፣ ኮንትራቱ የአንድ ሰው፣ መድረኩም የአንድ ሰው በሆነበት ቦታ የቱንም ያህል ብትጫወት ተተኪ ይገኝልሃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከፕሮሞተሩም ከዱባይም ጋር የማይገናኝ ይመስልሃል፤ ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ገንዘቡን ለስድስት ሳይሆን ለሰባት አካፍሉት። ሰባተኛው ሰው ባንዱ ነው። 21,000 ብር ለሰባት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3,000 ብር ይደርሰዋል፤ እስካሁን ከምታገኙት 3,500 ብር ላይ በነፍስ ወከፍ 500 ብር ጎደለ ማለት ነው። በወር አራት ሐሙስ ብንቆጥር ባንዱ 12,000 ብር፣ በስድስት ወር 72,000 ብር ይኖረዋል። ይህ ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ ወይም በአንድ ሰው የሞባይል ሒሳብ ውስጥ እንዳይቀመጥ፤ ከስድስታችሁ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይወጣ የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ዕቁብ እንጣል የሚል ሐሳብ ከመካከላችሁ ሊነሣ ይችላል፤ ዕቁብ መልካም ነገር ቢሆንም ተራው የደረሰው ሰው ይዞት የሚሄድ በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ከዚህ ሒሳብ መጀመሪያ የሚገዛው ያገለገለም ቢሆን የቤዝ አምፕሊፋየርና የድራም ስብስብ ነው። ድራመራችሁ እስከዚያ ድረስ ሲምባሉን በሌሊት በታክሲ ተሸክሞ የሚመላለስ ከሆነ የታክሲውም ሒሳብ ከሰባተኛው ድርሻ ይከፈልለት፤ ኪቦርድና ድራም የሚሸከም ሰው ሳክስፎን ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋር እኩል ተከፈለው የሚባለው ትራንስፖርቱ ከተቀነሰለት በኋላ ነው። እንዲህ ያለችው ትንሽ ቅሬታ ናት በሦስተኛው ዓመት «ድሮም እኮ…» የሚል ጠብ ይዛ የምትመጣው።

አሁን ወደ 9ኙ ሥራዎች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ባንድ ሲያፈርስ ያየሁት ይህ ነውና።

በአገራችን የካሴት ሽፋን ላይ ስሞች የሚሰፍሩበት ልማድ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚል ነው። ይህ ልማድ የተበጀው ለዘፋኝ ነው፤ አንድ ሰው ግጥሙን ይጽፋል፣ አንድ ሰው ዜማውን ያወጣል፣ ሌላው ያቀናብረዋል። ያለ ድምፃዊ ለሚጫወት የፈንክ ባንድ ግን ልኩ አይደለም። ኪቦርዲስታችሁ በአምባሰል ቅኝት አራት ሜዠር የምትሆን ሐረግ ይዞ ልምምድ ላይ መጣ እንበል። አንተ ከሥሯ የቤዝ መስመር አበጀህላት፤ ድራመሩ ስድስት ስምንተኛውን ምት ትቶ በፈንክ አራት ምት ላይ አስቀመጣት፤ ሳክስፎኒስቱ በመሐል መልስ የሚሰጥ ሌላ ሐረግ ጨመረ። ሕዝቡ በማግሥቱ እያንጎራጎረ የሚሄደው ምናልባት ያንተን የቤዝ መስመር ይሆናል። ታዲያ ዜማው የማን ነው? ኪቦርዲስቱ «የእኔ ነው» ሲል አልዋሸም፤ አንተም «የእኔም አለበት» ስትል አልዋሸህም፤ ሁለታችሁም ያልዋሻችሁበት ጠብ ደግሞ ሽማግሌ አያስታርቀውም።

መፍትሔው ሥራዎቹ ገና ምንም ሳያስገቡ አንድ በአንድ መነጋገር ነው። በየስልካችሁ የቀዳችሁትን የልምምድ ቅጂ እየከፈታችሁ፣ መነሻው ምን ይመስል እንደነበርና አሁን ምን እንደሆነ አዳምጡ። እኔ የማቀርብልህ ሐሳብ ግማሹን መነሻውን ላመጣው ሰው ሰጥታችሁ የቀረውን ግማሽ እሱን ጨምሮ ለስድስታችሁ እኩል እንድታካፍሉት ነው፤ ሌላ ስሌት ከተስማማችሁበትም መልካም። ዋናው ነገር ስሌቱ በእያንዳንዱ ሥራ አንጻር ተጽፎ ስድስታችሁም መፈረማችሁ ነው። ከዘጠኙ መካከል መነሻው የሕዝብ ዜማ የሆነ ካለ ደግሞ ዜማውን ማንም «የእኔ» ሊለው አይገባም፤ የምትካፈሉት ያበጃችሁበትን ቅንብር ነው።

ሕጉም ከምትገምቱት በላይ ይረዳችኋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚያውቀው ደራሲውን ብቻ አይደለም። ዜማውን ያወጣው ሰው ከሥራው የሚገኘው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። ከዚህ በተጨማሪ ምንም ዜማ ያላወጣው ጊታሪስታችሁም ቢሆን በተጫወተበት ቅጂ ላይ «ተዛማጅ» የሚባል የከዋኝነት መብት አለው፤ ቅጂውን ያሳተመው ፕሮዲዩሰርም እንዲሁ በቅጂው ላይ የራሱ መብት አለው፤ የሁለቱም ለ50 ዓመት የሚቆይ ነው። ይህንን ሦስተኛውን መብት ልብ በልልኝ፤ ፕሮሞተሩ የስቱዲዮውን ወጪ እኔ ልቻል የሚላችሁ እሱን በእጁ ለማስገባት ነው።

ይህን ስል ሰውየውን ሌባ አላደረግሁትም። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ትርፍ መፈለጉ ነውር የለውም፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ውል አስሮ ማምጣቱ ግን መልካም አይደለም። ገንዘብ አለ፣ ቅጂ አለ፣ ስም አለ። እናንተም በየፊናቸው አውጥታችሁ መልሱለት። በገንዘቡ ላይ፣ ወጪውን ከመጀመሪያው ገቢ ይመልስ፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘውን በስምምነት እንካፈል በሉት። በቅጂው ላይ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ5 ዓመት የማሠራጨት ፈቃድ እንስጥህ፣ ጊዜው ሲያበቃ ይመለስልን በሉት። በስሙ ላይ ግን ምንም ድርድር አይኑር። የባንዱን ስም ቀድማችሁ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት ብታስመዘግቡ ምዝገባው 7 ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰም ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ደግሞ በመካከላችሁ አንድ ነገር ወስኑ፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢለቅ ስሙ ከማን ጋር ይቀራል? እኔ ከስድስት አራቱ ባሉበት ይቆይ እላለሁ። የዩቲዩብ ቻናላችሁና የቲክቶክ ገጻችሁ የይለፍ ቃል ዛሬ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለ ለሁለተኛ ሰው አሳውቁ።

መሣሪያ እገዛላችኋለሁ ያለው ነገር በብድር ከሆነ፣ መቼና እንዴት እንደሚከፈል ተጽፎ ተቀበሉት፤ በስጦታ ስም ከሆነ አትቀበሉት። ያ የክበብ ባለቤት ኮት ትዝ ይለኛል።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ለያይታችሁ ስትመልሱለት ሰውየው ተቆጥቶ ሊሄድ ይችላል። ይሂድ። የአንድ ዘፋኝ አልበም መሣሪያ በመሣሪያ፣ ቀን በቀን እየተደራረበ ስለሚሠራ ወራት ይፈጃል፤ 3 ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አብሮ የተጫወተ ባንድ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሐሙስ ማታው በአንድነት እየተጫወተ ሦስት ሥራ በሁለት ቀን ቀድቶ ሊወጣ ይችላል። ፈንክ እንዲያውም እንደዚያ ሲቀዳ ነው ነፍስ የሚኖረው፤ ድራመሩና አንተ እየተያያችሁ ካልተጫወታችሁ አንደኛዋ ምት ላይ የምታርፉት ክብደት አይመጣም። የሰባተኛው ድርሻ የስድስት ወር ገንዘብ ለዚህ ጅምር የሚበቃ ይመስለኛል፤ ሦስት ሥራዎች ብቻ ይሁኑ፣ ነገር ግን የራሳችሁ ይሁኑ።

የራስ ቅጂ መያዝ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ በአንድ ሰው ታሪክ ልንገርህ። የዋልያሱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ዓመታትን በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ቆየ፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ እየዞረ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማለትም ከ28 ዓመት በኋላ፣ በውጭ አገር እንደገና ታተመና ሰውየውን ወደ ዓለም መድረኮች መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። እናንተ ነገ የምትቀዱት ነገር መቼ እንደሚፈለግ አታውቁም፤ ሲፈለግ ግን ስልክ የሚደወለው ለባለመብቱ ነው።

ወደ ሳክስፎኒስታችሁ እንምጣ። አትከልክሉት። ይህን የምለው በየዋህነት አይደለም፤ ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ግማሾቹ እዚያው እንደቀሩና ግማሾቹ ወደ አዲስ አበባ እንደተመለሱ አውቃለሁ። ያ ዘመን የደርግ ዘመን ነበር፤ የቀሩትም የቀሩበት ምክንያት ከባንዱ ፍቅር ጋር የሚያያዝ አልነበረም። የእናንተ ልጅ የሚሄደው በታወቀ ቀን ለሚያልቅ ሥራ ነው። በየምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት እየነፋ ከማያውቃቸው ሙዚቀኞች ጋር ለመግባባት ሲሞክር የሚማረውን ነገር እናንተ ልታስተምሩት አትችሉም፤ ሲመለስ ከንፈሩም ጆሮውም ሌላ ሆኖ ነው የሚመጣው። «ወይ ባንዱን ወይ ዱባይን» የሚለው አነጋገር ደግሞ የሚጠቅመው ምናልባት ለሆቴሉ ነው፤ በሐሙስ 3,500 ብር የሚከፈለውን ሰው እንዲህ ብሎ ማስመረጥ መልሱን አስቀድሞ መናገር ነው። ለቤተሰቡ ገንዘብ መላክ ካለበትማ ጥያቄውን ማንሣቱም ያሳፍራል።

መከልከል ሳይሆን ማዘጋጀት ነው የሚያስፈልገው። የእሱን ክፍሎች በ9ኙም ሥራዎች በኖታ ጽፎ ይተውላችሁ፤ አራታችሁ ሙዚቃ ተምራችኋልና ይህ ከባድ ሊሆን አይገባም፤ በቃል ብቻ የተያዘ ነገር ሰውየው አውሮፕላን ሲሳፈር አብሮት ይሳፈራል። ከመሄዱ በፊት ተተኪውን ራሱ መርጦ በሁለት ልምምድ ያስተዋውቃችሁ። ተተኪው የሐሙሱን 3,000 ብር ይውሰድ፤ ሳክስፎኒስታችሁ በሌለበት ቀን አይከፈለው፣ በሥራዎቹ ላይ ያለው ድርሻና በሰባተኛው ሒሳብ ላይ ያለው መብት ግን ሳይነካ ይቆየው። ይህ ደንብ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ይሁን፤ ነገ ዝነኛ ዘፋኝ ኮንሰርት ይዞ የሚጠራው ድራመሩን ሊሆን ይችላል፣ አንተንም ሊሆን ይችላል። በውጭ የሚገኝ ሥራ ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ ይነገር፤ ባንዱ ቀብድ የተቀበለበት ቀን ግን ከማንኛውም የግል ሥራ ይቅደም። ሁለተኛዋ ነጥብ ላይ አትላላ። ሰርግ ተዋውላችሁ ቀብዱን ከበላችሁ በኋላ አንዱ «ሌላ ሥራ ገጠመኝ» ብሎ ቢቀር የሚጠፋው የአንድ ቀን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ያ ቤተሰብ ለመቶ ሰው ያወራዋል።

ዘፋኝ ጨምሩ፣ የሚታወቁ ዘፈኖችን አብዙ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም፤ ምግብ ቤቱም ሳይላችሁ አልቀረም። እንጀራ ነውና ሰርግም ተጫወቱ፣ ዘፋኝም አጅቡ፤ ሐሙስን ግን አታስነኩ።

አሁን የሚቀረው ቅደም ተከተሉ ነው። ፕሮሞተሩ የሰጣችሁ ሁለት ሳምንት፣ ሳክስፎኒስታችሁም የሚሄድበት ቀን አለው። ስብሰባውን እሱ ከሄደ በኋላ አታድርጉት፤ በሌለበት የተወሰነ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ የተወሰነ ይመስለዋል። ስድስታችሁም ባላችሁበት፣ ልምምድ በሌለበት ቀን፣ ከምግብ ቤቱ ውጭ በሆነ ቦታ ተቀመጡ። አስቀድመህ ኪቦርዲስታችሁን ብቻውን አግኘው፤ በዚህ ውይይት የሚያጣ የሚመስለው እሱ ነውና ግማሹ ድርሻ ለመነሻ አምጪው እንዲሆን ያሰብከው አንተ መሆንህን ከአንተው አፍ ይስማ። ወረቀቱን በስድስት ቅጂ አዘጋጁ፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ ፕሮሞተሩን የሚያነጋግሩ ሁለት ሰዎች ምረጡ፣ አንዱም ሳክስፎኒስቱ ይሁን። ዱባይ ሆኖ በስልክ እንኳ ቢሆን ይነጋገራል።